ለገላነሽ ያልተነገረ

ገላነሽ ልጇ መሞቱን ካወቀች ሰነባብታለች። ማወቋን የሚያውቅ ግን የለም።

የሰማችው ከመጨረሻ ልጇ ከቤዛ አፍ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ቤዛ ጓዳ ውስጥ ቃሪያ እየሰነጠቀች፣ "እንደሻው ነፍሱን ይማረውና፣ ፍሬውን አውጪልኝ እያለ…" ብላ ጀመረችና ቢላዋው እጇ ላይ ቆመ። ገላነሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና አላለችም። ምስሩን ወደ ሰፌዱ ጠርዝ ገፋ አድርጋ፣ "ምን አልሽ? ይሄ ጆሮዬ ዘንድሮስ ከዳኝ" አለች።

"ምንም። ቃሪያው ያቃጥላል ነው ያልኩት።"

"እንግዲያው ዓይንሽን እንዳትነኪ።"

ምስሩን ለቅማ ጨረሰች። እንዴት እንደጨረሰችው ዛሬም አታውቅም። ከዚያ ወዲህ ያየችው ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘላት። ለሠርግ ብለው አዳማ የሄዱት ሁሉ ጉሮሯቸው ዘግቶ ነበር የተመለሱት። ቡፌው ላይ የነበረው የእንደሻው ፎቶ "መስታወቱ ይቀየር" ተብሎ እንደወጣ ቀርቷል። ጎረቤታቸው ነፃነት ቀይ ሻሽ አስራ እየሳቀች ትገባለች፤ ስትወጣ ግን ከግቢው በር ጀርባ የሰቀለችውን ፌስታል ታወርዳለች፤ ከፌስታሉ አፍ ጥቁር ጨርቅ ይታያል። የገላነሽ ባል ደምሴ ደግሞ ዕድሜውን ሁሉ በየማለዳው ሲላጭ የኖረ ሰው ጢሙን አሳድጎ፣ "ምላጩ ቆዳዬን አስቆጣው" ይላል።

አውቄያለሁ እንዳትል የሚያግዳት የቤዛ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት ገላነሽ ገበያ መካከል ወድቃ ሆስፒታል ገብታ ነበር፤ ልቧ ደክሟል አሉ። ስለዚህ እንደሻው የከባድ መኪና ሾፌር ሆኖ በሚመላለስበት በጅቡቲ መንገድ ላይ ሲሞት፣ ደምሴ ቤተሰቡን ሰብስቦ በቄስ መስቀል ላይ እጃቸውን አስጭኖ አስማላቸው። ሐኪም ልቧ ችሏል እስኪል ማንም አይነግራትም። "ነግሮ እሷን ያሳጣኝ፣ ልጄም ቢሆን ልጄ አይደለም" ብሏል። ይህን ገላነሽ የሰማችው ደምሴ የወንድሙን ልጅ ሰለሞንን በስልክ ሲያስጠነቅቅ ነው። ሌላው ሁሉ ቃሉን እየመዘነ ነው የሚያወራት፤ ከእሷ ጋር ጓዳ ለጓዳ እንደ ልቧ ስታወራ የምትውለው ቤዛ ብቻ ናት። አወቅሁ ካለች፣ ማን እንደነገራት ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም።

መርዶ ወግ አለው። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ በር ያንኳኳሉ፤ ጎረቤት በዝምታ ግቢውን ይሞላል። ከዚያ በኋላ እናት ትጮኻለች፣ መሬት ትቀመጣለች፣ ሰው ይይዛታል። ያልተረዳች እናት ግን ወጥ ማጣፈጥና ዜና ማዳመጥ ነው ያላት። ቤተ ክርስቲያን እንኳ መሄድ ተከልክላለች። ንፋስ ይመታሻል ይሏታል፤ እሷ ግን የሚፈሩት እዚያ አዝኖላት አቅፎ የሚስማትን ሰው እንደሆነ ታውቃለች።

እንቅልፏ ጠፋ። ልቧ ያለ ምክንያት ይመታ ጀመር። ደምሴ ሆስፒታል የታዘዘላትን ኪኒን እያስዋጠ፣ በላዩ ደግሞ ፈረስ መጋላ ከጨርቅ ሱቅ በላይ ወዳለው የዶክተር አብዱልፈታ ክሊኒክ ወሰዳት። ዶክተሩ የጀጎል ልጅ ነው፤ ቻይና አገር ተምሮ የእነሱን የመርፌ ሕክምና ይዞ ተመልሷል።

"አዴ፣ ምላስዎን ያሳዩኝ" አላት የመጀመሪያ ቀን። እናት ማለቱ ነው፤ ለሽማግሌ ሴት ሁሉ እንዲህ ይላል። ከዚያ ሦስት ጣቶቹን በአንድ እጇ አንጓ ላይ፣ ቀጥሎ በሌላው ላይ አሳርፎ የልብ ምቷን አዳመጠ። ዓይኗን አየ።

"ቻይኖች ልብን ደም መግፊያ ብቻ አያደርጓትም" አለ። "ቤት ናት ይላሉ። 'ሸን' የሚሉት አለ፤ መንፈስ በሉት። እዚያ ይኖራል። ቀን በዓይን በኩል ውጭውን ያያል፣ ማታ ገብቶ ይተኛል። ቤቱን ጥሎ ሲወጣ ሰው እንቅልፍ ያጣል፤ ልቡ ይርበተበታል፤ ሲያዋሩት ሌላ አገር ነው።"

ደምሴ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። "መንፈስ ስትል፣ ዶክተር፣ የሚያስጓራውን ነው? እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም።"

"ኧረ አባባ!" ዶክተሩ ሳቀ። "ዛር አላልኩም። አላህ ለሁላችንም የሰጠንን ነው። እርስዎ መምህር ነበሩ አይደል? ተማሪ ክፍል ተቀምጦ ልቡ ገበያ ሲዞር አላዩም?"

"እሱንማ! ጂኦግራፊ ሳስተምር ግማሹ ክፍል ገበያ ነበር።"

"በቃ፣ እሱ ነው። የአዴ መንፈስ ቤቱ የለም። ምታቸው አይረጋም። ደግሞ ሳያውቁት በረጅሙ ይተነፍሳሉ፤ ሐዘን በቻይኖች ትምህርት የሚይዘው ሳንባን ነው። ያዘኑበት ነገር አለ?"

ቤዛ ወለሉን አየች። ደምሴ፣ "ምን ሐዘን አለ? ሁሉ ሰላም ነው" አለ። ዶክተሩ ወደ ገላነሽ ዞረ። እሷም፣ "ሁሉ ሰላም ነው፤ ተመስገን" አለች።

ዶክተሩ አመናቸው። በእሱ ሰፈር ሰው ሌሊት ከሞተ እስከ ቀትሩ የዙህር ሶላት ተቀብሯል፤ እናቱም ከማንም ቀድማ ሰምታለች። ቤት ሙሉ ሰው ተማምሎ ሞት ይሸሽጋል ብሎ ማሰብ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ ለማንኛውም እንዲህ ላለ በሽተኛ የሚለውን አለ፤ "እንግዲያው መንፈሳቸው እስኪረጋ ድረስ ድንጋጤና ክፉ ወሬ እንዳይደርስባቸው።"

"ሰማሽ ቤዛ?" አለ ደምሴ ጣቱን አንስቶ። "እስኪረጋ!"

ገላነሽ አልጋው ላይ በጀርባዋ ተኛች። ዶክተሩ ከእጇ አንጓ በታች፣ በትንሿ ጣት በኩል፣ ፀጉር የመሰለች መርፌ አስገባ። "ይህቺ ቦታ ስሟ የመንፈስ በር ነው" አላት። እግሯ ላይ፣ ቅንድቧ መካከልም ወጋ። "እንዳይንቀሳቀሱ። ትንሽ ቆይቼ እመጣለሁ።" በሩን ዘግቶ ወጣ።

ብቻዋን ቀረች። ቤዛ የእንደሻውን ስም ከጠራችበት ቀን ጀምሮ ብቻዋን ስትሆን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ቤት ውስጥ ቤዛ ወይም ነፃነት ወይም ደምሴ ሁልጊዜ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ናቸው፤ ሽንት ቤት እንኳ ስትገባ ደጅ የሚያስል ሰው አለ። በመስኮቱ በኩል የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ደወል ተሰማ። እንባዋ በጉንጮቿ ወርዶ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። እጇን አንስታ ልትጠርገው አትችልም። ድምፅም ማሰማት አትችልም፤ ግድግዳው ቀጭን ነው፣ ከወዲያ ደምሴ ተቀምጧል።

ዶክተሩ ሲመለስ ትራሱን አየ። "አይፍሩ፣ መርፌው አንዳንዴ ያስለቅሳል" አለ።

"መርፌው ነው?" አለ ደምሴ ከበሩ።

"መርፌው ነው።"

እንግዲህ ማልቀሻ ተፈቀደላት። ክሊኒኩን ወደደችው። ቀጠሮዋን ትጠብቃለች፤ ባጃጁ በሸዋ በር ገብቶ ወደ ፈረስ መጋላ ሲወጣ እንባዋ ከጉሮሮዋ ስር ተሰልፎ ይመጣል። ነገር ግን ዶክተሩ በሄደች ቁጥር አንጓዋን ይዞ ራሱን ይነቀንቃል። "ገና ነው። አልረጋም።" እሷ ካልተነገራት ምቷ አይረጋም፤ ምቷ ካልረጋ አይነግሯትም። ይህን በልቧ እያዞረች እያዞረች መውጫ ፈለገችለት፤ አጣች።

አንድ ጠዋት በሌላ በኩል ሞከረች። ቁርስ ላይ፣ "ሌሊት ጥርሴ ወልቆ መዳፌ ላይ አየሁት" አለች። ጥርስ ሲወልቅ ማየት የሞት ሕልም እንደሆነ የማያውቅ የለም። ይነግረኛል ብላ የደምሴን ፊት ጠበቀች።

ደምሴ ቁራሹን አስቀመጠ። "የበላሽው ጎመን ነው" አለ።

ከሰዓት በኋላ ስልኩን ይዞ እየሮጠ ገባ። "ይኸው! በሕልም ስትጨነቂ! ራሱ ደወለልሽ!"

"ሃሎ… እማዬ… መስመሩ ይቆራረጣል… ደህና ነኝ… ጅቡቲ ነኝ…"

የሰለሞን ድምፅ ነበር። አፉን በጨርቅ ሸፍኖታል። እንደሻው በዕድሜው እማዬ ብሏት አያውቅም፤ አፉን ሲፈታ ከአባቱ ሰምቶ "ገሌ" አላት፣ ጎልምሶም ገሌ ነበረች። ደምሴ ፊቷ ቆሞ፣ ዓይኖቹን አፍጥጦ፣ ፈገግ ብሏል። ቤዛ ጓዳው በር ላይ ናት።

"ደህና ነህ ልጄ?" አለች ገላነሽ። "በልተሃል?"

"በልቻለሁ… እማዬ…"

"ቀስ ብለህ ንዳ። አደራህን፣ እንቅልፍ ሲመጣብህ አቁም።"

ከወዲያ በኩል ትንፋሽ ብቻ ተሰማ፤ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። "ደስ አለሽ አሁን?" አለ ደምሴ። "ደስ አለኝ" አለች። የቀረችውን አንዲት በር በገዛ እጇ እንደ ዘጋች ገባት፤ ከእንግዲህ በጠረጠረች ቁጥር የሞተ ልጇ ይደውልላታል።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ዶክተሩ መርፌውን ሲያዘጋጅ እጁን ያዘችው።

"አብዱልፈታ፣ ልጄ ሞቷል" አለችው በሹክሹክታ።

"መቼ አዴ?"

"ቆይቷል። እኔ እንደማውቅ አያውቁም። አንተ ድንጋጤ አይድረስባት አልካቸውና ቆልፈውብኝ ቀሩ።"

ዶክተሩ ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለ፤ በእነሱ ዘንድ ሞት ሲሰማ የሚባለውን ነው። መርፌዎቹን መልሶ ሳህኑ ላይ አደረጋቸው። "እኔ እኮ… ሐዘን አለ ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር።"

"ጠይቀሃል። እኔም ዋሽቼሃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም፣ አውቄያለሁ ብለው?"

"ያመለጣት ልጅ አለች። ከአባቷ ጋር ይጣላሉ። አንዱን ልጄን ቀብሬ ሁለተኛዋን ላባርር? ምቷ ረግቷል በልልኝ። በቃ፣ እሱን ብቻ።"

"አልረጋማ፣ አዴ።"

"ሳይነግሩኝ መቼ ይረጋል?"

"ሳይረጋስ መቼ ይነግሩዎታል?" አለና የተናገረው ለራሱም አስደነገጠው። "ረግቷል አልልም። ግን ልብዎ ይህን ሁሉ ጊዜ ተሸክሞታል። የተሸከመውን ይችላል። እንደዚያ ብል ውሸት አይሆንብኝም።"

እንዳለውም አደረገ። ደምሴን ጠርቶ፣ ገላነሽ ባለችበት፣ "አባባ፣ የአዴ ልብ ድንጋጤ ቢመጣ ይችላል። አሁን አይፍሩላቸው" አለው። ደምሴ የዶክተሩን ትከሻ ስሞ፣ "ተመስገን! ተመስገን!" አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ገላነሽ በባጃጁ ውስጥ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ሽማግሌዎቹን አሰበች። ነገ ጠዋት ይመጡ ይሆናል። ከነገ ወዲያ ይመጡ ይሆናል። ጥቁር ቀሚሷን በልቧ ከሣጥን አወጣች።

ቤት ሲደርሱ ጋደም ብላ ደምሴና ቤዛ ግቢው ውስጥ ሲነጋገሩ ሰማች።

"አባዬ፣ ትችላለች ብሏል እኮ! በቃ ለሽማግሌዎቹ እንንገራቸው።"

"ትችላለች አለ እንጂ ንገሯት አላለም። ገና ዛሬ ነው ቀና ያለችው። ያዳናት ዝምታችን ነው፤ ታዲያ መድኃኒቱን እናቋርጥባት? ፋሲካን ትግደፍ።"

"ከፋሲካ በኋላስ?"

"ከዚያማ ክረምቱ ነው። ብርዱ ላይ ሐዘን ጥሩ አይደለም።"

"ከክረምቱ በኋላስ አባዬ?"

"ምን ታፋጥጪኛለሽ አንቺ!" አለ ደምሴ፤ ድምፁ ተሰበረ። "ትንሽ ይቆይ። ትንሽ ይቆይ አልኩ!"

ገላነሽ ጣሪያውን እያየች ቀረች። እስከ ዛሬ ቁልፉ ያለው ዶክተሩ እጅ ይመስላት ነበር። አሁን የሰማችው የፈራ ሰው ድምፅ ነው፤ የፈራውም ለእሷ አይመስልም። እሷ እስካልተነገራት ድረስ፣ ለደምሴ ልጁ ገና መንገድ ላይ ነው። ጢሙንና የሚያዛጋ አፉን አሰበች። ሌሊት እሷ የተኛች መስላ ስትተኛ፣ እሱም የተኛ መስሎ እንደሚተኛ ታውቃለች።

በቀጠሮዋ ቀን ዶክተሩ ገና ሰላም ሳይላት፣ "ይሄን ሰውዬ እየው እስቲ" አለችው። "አንገቱን ማዞር አቅቶታል። ሲገላበጥ ነው የሚያድር። እሱንም ውጋው።"

"እኔ? እኔ ምን ሆንኩ!" አለ ደምሴ።

"አባዬ መርፌ ይፈራል" አለች ቤዛ። "ለኮቪድ ሲከተብ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።"

"ፀሐይ ሆኖብኝ ነው!"

"ክፍል ውስጥ?"

የሚጠብቁት በሽተኞች ሳቁ። ደምሴ መሳቂያ ከመሆን መርፌ ይሻላል ብሎ ገባ። ዶክተሩ አንጓውን ይዞ ከጠበቁት በላይ ቆየ። ዓይኑንም አየ፤ ከዚያ ገላነሽን አየ፤ የፈለገችው ገባው። "የእርስዎ ከአዴ ይብሳል፣ አባባ" አለ። ሁለቱን አልጋዎች የሚለየውን መጋረጃ ሰበሰበ። "ባልና ሚስት ናችሁ፤ ይከፈት።" መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እሱን ወጋ፤ በእጃቸው፣ በእግራቸው፣ በግንባራቸው። "እንዳትንቀሳቀሱ፤ ያማል" ብሎ በሩን ሳብ አደረገው።

ሁለቱም ጣሪያውን እያዩ ተኙ። ከታች የባጃጅ ጥሩምባና የጨርቅ ነጋዴዎች ጥሪ ይመጣል።

"ገሌ።"

"አቤት።"

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው? እንዲህ ጭር ይላል?"

"እንዲህ ነው።"

"ታዲያ ምን ታስቢያለሽ?"

"ደምሴ" አለች፤ "እንደሻው ሞቷል።"

የደምሴ አልጋ ተንቋቋ። "ምን ያለሽ ሟርተኛ ነሽ! ባለፈው አይደል የደወለው!" ሊነሳ ሞከረ፤ መርፌው ክንዱን ያዘው። "እህ!"

"አትነሳ፤ ያማል ብሎሃል። የደወለው ሰለሞን ነው።"

ደምሴ ወደ ኋላ ተጋደመ። ትንፋሹ ይሰማል። ከዚያ የፈራችውን ጠየቀ።

"ማን ነገረሽ?"

ምንም አላዘጋጀችም ነበር። አፏን ስትከፍት ግን የመጣላት እውነት ሆኖ አገኘችው።

"አንተ።"

"እኔ! እኔ ትንፍሽ አላልኩም!"

"ድሮ ሳይደውል ሲቀር ትሰድበው ነበር። ይሄ ባለጌ፣ ስልክ የያዘው ለጌጥ ነው፣ ይምጣ ብቻ ትል ነበር። ይኸው ስንት ጊዜ ሆነው፤ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣህም። ሰው በሕይወት ያለ ልጁን እንዲህ አያከብርም፣ ደምሴ።"

መጀመሪያ ሳል መሰላት። ደረቅ፣ አንድ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ግን አላቆመም፤ ከሆዱ ስር እየተነሳ ይመጣ ጀመር፤ አልጋው አብሮት ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሱ ሰምታ አታውቅም።

"መልኩ እንዴት ነበር?" አለችው።

"አላየሁትም። ክፈቱልኝ አላልኩም። ሰዎቹ ሲያለቅሱ እኔ… እኔ ለሰለሞን፣ ለነፃነት፣ ለሁሉም፣ ምን እንደሚሉሽ ሳስጠና ነበር። ቀብሩን ጨርሰው ጠሩኝ።"

እጇ ወደ እሱ ሄደ፤ መርፌው ቆነጠጣትና መለሰችው። በሁለቱ አልጋዎች መካከል ያለው አንድ ክንድ ነው። የእሱም እንባ በጆሮው ውስጥ እየገባ እንደሆነ፣ እሱም ሊጠርገው እንደማይችል አሰበች። ያን ጊዜ አፏን ከፈተችና በሙሉ ድምፅ ጠራችው። "እንደሻው! የኔ ጌታ! ገሌ ባይ ልጄ! ማን ገሌ ይበለኝ!"

በሩ ተበረገደ። ዶክተሩ ደፉ ላይ ቆመ፤ ከኋላው ቤዛ። ቤዛ እናቷን አየች፣ አባቷን አየች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። "እማዬ… እኔ…"

"አባትሽ ነው የነገረኝ" አለች ገላነሽ ቶሎ ብላ።

ቤዛ ወደ አባቷ ዞረች። ደምሴ ጣሪያውን እያየ ነበር። "አዎ" አለ፤ "እኔ ነኝ። አላስቻለኝም።"

ቤዛ በሁለቱ አልጋዎች መካከል በጉልበቷ ወደቀች፤ አንድ እጇ አባቷ ላይ፣ አንድ እጇ እናቷ ላይ። ዶክተሩ በላይዋ ጎንበስ እያለ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ነቀለ፤ አልቸኮለም። ምቷን አልያዘም፤ አልጠየቃትምም።

ገላነሽ ስትነሳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ለበሰች፤ እጇ ራሱ መንገዱን አወቀ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ የነበሩት ለቅሶውን ሰምተው ሁሉም ቆመው ነበር። ከሶፊ የመጣ ገበሬ ባርኔጣውን አወለቀ። በሩ አጠገብ የነበረች አንዲት የጀጎል አሮጊት የማታውቃትን የገላነሽን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

"አላህ ሰብር ይስጥሽ፣ ያጽናሽ እህቴ። ማንሽ ነው?"

ገላነሽ ቀጥ ብላ ቆመች።

"ልጄ" አለች። "የበኩር ልጄ ነው። እንደሻው ይባላል። ሾፌር ነበር።"